የመድን ፈተናና የአጎቴ ምሥጢር

ሰው ሁሉ እንደሚሞት ያውቃል፤ ነገር ግን ቡና እየጠጣ ሳለ የገዛ ሞቱን ነገር ሲያነሡበት ደስ የሚለው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ይህንንም የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን፣ ወላይታ ሶዶ ከተማ፣ በእናቴ ቤት፣ ለሕይወትና ለጤና መድን ወኪልነት ፈተና አጠና በነበረበት ጊዜ ነው።

የሒሳብ አያያዝ ትምህርቴን ከጨረስሁ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኝ ነበር። በዚያን ጊዜ ሁሉ የነበረኝ ሥራ የማስታወቂያ ሰሌዳ ማንበብ ብቻ ነው። አንድ የመድን ኩባንያ ወኪሎችን እንደሚያሠለጥን ስሰማ ሄጄ ተመዘገብሁ። የመድን ወኪል ለመሆን ፈቃድ የሚሰጠው ብሔራዊ ባንክ ነው፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746 ያለ ፈቃድ በዚህ ሥራ መሠማራትን ይከለክላል። የእኛ ሥልጠና ደግሞ የሚዘጋው በፈተና ነበር፤ ፈተናውን ያላለፈ ስሙ ለፈቃድ አይላክለትም። ስለዚህ ማታ ማታ፣ ጉሙ ከዳሞታ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍን፣ እኔ ደብተሬን ዘርግቼ እቀመጣለሁ። መብራት ሲጠፋ ሻማ አበራለሁ።

እናቴ አንድ ምሽት ቡና እየቆላች፣ «እስቲ ጮኽ ብለህ አንብብልኝ» አለችኝ። እኔም፣ «መድን የተገባለት ሰው በውሉ ዘመን ውስጥ ቢሞት...» ብዬ ስጀምር የምትቆላበትን ብረት ምጣድ አስቀመጠች።

«ልጄ፣ ይህ ትምህርት ነው ወይስ ሟርት? ገና በቁመቱ ላለ ሰው የሞቱ ዋጋ ይቈረጥለታል እንዴ?»

ከዚያ ወዲህ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ማጥናት ጀመርሁ። የእናቴ ጥያቄ ግን ከጆሮዬ አልወጣም።

ለጥያቄዋ መልስ ያገኘሁት ከንግድ ሕጋችን ውስጥ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ከ654ኛው አንቀጽ ጀምሮ ስለ ኢንሹራንስ ይናገራል። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣ ብዙው ክፍል ተሽሮ ይህ ክፍል ግን ጸንቶ ቀርቷል። ሕጉ በንብረት መድንና በሰው መድን መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት ያደርጋል። ቤትህ ቢቃጠል ካሣው ከቤትህ ዋጋ ሊበልጥ አይችልም፤ ከእሳት ማትረፍ አይፈቀድምና። ለሰው ሕይወት ግን ገበያ የለም። ስለዚህ በሕይወት መድን የሚከፈለው ገንዘብ ተዋዋዮቹ አስቀድመው የተስማሙበት ልክ ነው። እንግዲህ እናቴ አልተሳሳተችም፤ ለሰው ዋጋ አይቈረጥለትም። የሚቈረጠው ሰውዬው ሲሄድ ከቤቱ የሚጎድለው እንጀራ ነው።

ሥራው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የአቢሲኒያ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1905 ከተቋቋመ በኋላ ለውጭ አገር ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር ጉዞ መድን ይሸጥ ነበር። በ1943 ዓ.ም. ገደማ ኢምፔሪያል የተባለው የኢንሹራንስ ኩባንያ ተመሠረተ። በ1967 ዓ.ም. 13 ኩባንያዎች ተወረሱ፤ በኋላም በምትካቸው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ቆመ። ከ1986 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ ደግሞ የግል ኩባንያዎች እንደገና በሩ ተከፈተላቸው። ይህን ሁሉ ዓመተ ምሕረት በቃሌ ይዤ ሳለ፣ በሰፈራችን መድን የሚባል ነገር የሚያውቀው ባለመኪና ብቻ መሆኑ ይገርመኝ ነበር። እሱም ቢሆን የሚያውቀው የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ስለሆነና ትራፊክ ፖሊስ ስለሚጠይቀው ነው።

ነገር ግን መድንን ሰፈራችን አያውቀውም ማለት ልክ አይደለም። እድር ያለው ሰው መድንን ያውቃል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት የመድን ሳይንስ በአንድ መስመር ሲጻፍ ነው። ሁሉም በየወሩ ጥቂት ያዋጣል፤ የተሰበሰበውም መከራው ለደረሰበት ቤት ይሆናል። ለጊፋታ በዓል የምናደርገው ግን ከዚህ ይለያል። መስከረም ላይ ለሚታረደው በሬ ወንዶች ዓመቱን ሙሉ ያዋጣሉ፤ ሴቶችም ለቅቤው ያስቀምጣሉ። ያ ቁጠባ ነው፤ በዓሉ ሲደርስ እያንዳንዱ ያዋጣውን በሥጋና በቅቤ መልሶ ያገኘዋል። የእድርን መዋጮ ግን ማንም ተመልሶ እንዲደርሰው አይጸልይም። አሠልጣኛችን በግማሽ ቀን ያልገባንን የቁጠባና የመድን ልዩነት በዚህ ምሳሌ ተረዳሁት።

የሒሳቡም ነገር እንዲሁ ነው። አንድ ሰው መቼ እንደሚሞት ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ የለም፤ ከብዙ ሰው መካከል በዓመት ስንቱ እንደሚሞት ግን ሊገመት ይችላል። በጅራታም ኮከቡ ስሙ የሚታወቀው እንግሊዛዊ ሊቅ ኤድመንድ ሃሌይ እ.ኤ.አ. በ1693 የብሬስላው ከተማን የልደትና የሞት መዝገብ ይዞ፣ በየዕድሜው ስንት ሰው እንደሚሞት የሚያሳይ ሠንጠረዥ አሳተመ። ከሃምሳ ዓመት ያህል በኋላም የስኮትላንድ ቀሳውስት በእንዲህ ያለ ስሌት ለሚስቶቻቸውና ለልጆቻቸው መጦሪያ የሚሆን ገንዘብ አቋቋሙ። ለምሳሌ ያህል፣ በአንድ ዕድሜ ላይ ካሉ 1000 ሰዎች በዓመት 4 ይሞታሉ እንበል። ለእያንዳንዱ ሟች ቤተሰብ 100,000 ብር እንዲከፈል ቢፈለግ የሚያስፈልገው 400,000 ብር ነው፤ ለ1000 ሲካፈል ለአንድ ሰው 400 ብር ይደርሳል። የጽሕፈት ቤቱ ወጪና የወኪሉ ድርሻ ከዚህ በላይ ይጨመራል። ይህን ሒሳብ ለእናቴ ሳሳያት፣ «እድር ነው እኮ! ምነው መጀመሪያ እንዲህ ብትለኝ» አለች።

ነገሩ እንዲህ ተቃንቶ ሳለ ነው አጎቴ የመጡት።

አጎቴ ከአረካ በኩል ዝንጅብል እያመጡ የሚነግዱ ሰው ነበሩ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የዝንጅብል አጠውልግ በሽታ በአካባቢያችን ሲገባ የእርሳቸውም የጎረቤቶቻቸውም ማሳ በአንድ ክረምት ተበላሸ። ያን ጊዜ የሚረዳዳ ጎረቤት እንኳ ጠፋ፤ ሁሉም በአንድ ቀን ተረጂ ሆኗልና። የኋላ ኋላ ኩባንያዎች ራሳቸው የጠለፋ መድን ለምን እንደሚገቡ፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ጠለፋ መድን ለምን እንዳስፈለገ ሳጠና የመጣብኝ የአጎቴ ማሳ ነው። መከራ ሰፈሩን በሙሉ ሲመታ፣ ሸክሙን የሚጋራ ሌላ ሰፈር ያስፈልጋል።

አጎቴ ከዚያ በኋላ በሶዶ ትንሽ ሱቅ ከፍተው ሦስት ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። ያን ዕለት ማታ ደብተሬን አገላብጠው አዩና፣ «ፈቃድህን ስትይዝ የመጀመሪያው ደንበኛህ እኔ ነኝ። እኔ ብሞት ልጆቹ ከትምህርታቸው እንዳይቀሩ እፈልጋለሁ» አሉኝ። ደስታዬን እንዴት ልግለጸው? ሥራ ፈትቶ ለኖረ ልጅ የመጀመሪያ ደንበኛ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የስኳሩን ነገር ግን አትጻፈው። እኔና አንተ፣ እናትህም ብቻ ነን የምናውቀው።»

አጎቴ ለብዙ ዓመት የስኳር ሕመም መድኃኒት ሲወስዱ ኖረዋል። የሕይወት መድን ቅጽ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ ስለ ነባር ሕመም ነው።

በዚያ ሌሊት የተኛሁ አይመስለኝም። የሕጉን መልስ አውቀዋለሁ፤ ያጠናሁትም ያንኑ ሳምንት ነበር። መድን የሚገባ ሰው የሚያውቀውን አደጋ ሁሉ በትክክል የመናገር ግዴታ አለበት። ሆነ ብሎ ቢሸሽግ ውሉ ፈራሽ ይሆናል፤ ባለማወቅ ቢሳሳት ግን ሕጉ ይለዝባል። ለፈተና ይህ መልስ ይበቃል። ለአጎቴ ግን ምን እላለሁ? ያሳደጉኝ፣ የትምህርት ቤት ልብሴን የገዙልኝ እርሳቸው ናቸው። ደግሞም አልዋሽም፤ የወኪሉን ድርሻ በልቤ አስቤው ነበር።

ሌሊቱን ያንን የ1000 ሰው ሒሳብ መልሼ መላልሼ አየሁት። ከ1000ዎቹ ብዙዎቹ ሕመማቸውን ሸሽገው ቢገቡና በ4 ፋንታ 8 ሰው ቢሞት የሚያስፈልገው 800,000 ብር ነው። በሳጥኑ ያለው ግን 400,000 ብር ብቻ ነው። ታዲያ የተሰረቀው ማን ነው? ኩባንያው ይመስለን ይሆናል፤ ነገር ግን የጎደለው እውነቱን ተናግረው 400 ብራቸውን የከፈሉት ሰዎች ገንዘብ ነው። እድራችን ስለ ጤንነት የማይጠይቀው ጎረቤት ጎረቤቱን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ነው። ኩባንያ ግን ጎረቤት የለውም፤ ቅጹን የሚሞላው ወኪል ዓይኑ ነው። ዓይን ቢዋሽ እግር ገደል ይገባል።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። አጎቴ ቢሸሽጉ ዓመት ከዓመት ይከፍላሉ፤ እርሳቸው በሕይወት ሳሉ ምንም አይታወቅም። የሚታወቀው ከሞቱ በኋላ የሆስፒታሉ ካርድ ሲመረመር ነው። ያን ጊዜ ባዶ እጃቸውን የሚመለሱት ሦስቱ ልጆች ናቸው፤ የሚያዩትም ቅጹን የሞላሁትን እኔን ነው።

በማግስቱ ሱቃቸው ድረስ ሄጄ፣ «ጋሼ፣ ስኳሩን ካልጻፍሁ ቅጹን አልሞላም» አልኋቸው።

«ፈቃዱን ሳትይዝ ኩራቱን ያዝህ» አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም። በጊፋታ ዕለትም እኛ ቤት መጥተው ሥጋውን ከዳጣው ጋር በሉ፤ ለእኔ ግን አላጎረሱኝም። የጉርሻን ነገር የሚያውቅ አንባቢ የቅጣቱን ልክ ይረዳዋል።

በመጨረሻው እርቁን ያመጣችው ያችው ሟርት የምትፈራው እናቴ ናት። «ወንድሜ፣ ልጁ ለአንተ ብሎ ልጆችህን ቢያታልል ይሻልሃል?» አለቻቸው። እኔም በዚያው አጋጣሚ ያጠናሁትን ሌላ ነገር ነገርኋቸው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሙከራው የተጀመረውና የእኛው ዳሞት ወይዴ ወረዳም የነበረበት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን፣ ደመወዝተኛ ላልሆነ ቤተሰብ ሁሉ ክፍት ነው። ቤተሰቡ በሙሉ በአንድነት ይመዘገባል፤ ለድሃው መንግሥት ይከፍልለታል፤ የቆየ ሕመም ያለበትንም «አንተ አትገባም» አይለውም። ጤነኛውና ሕመምተኛው በአንድ መዝገብ ስለሚገቡ ሕመምን የሚያሸሽግ ምክንያት የለም። ለደመወዝተኞች በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ግን ተግባራዊነቱ ብዙ ዓመት ሲዘገይ ኖሯል፤ ይህን ለሚያነቡ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ነገሩ አዲስ አይሆንባቸውም። አጎቴ ነጋዴ ናቸውና በጤናው መድን ወዲያው መመዝገብ ይችሉ ነበር፤ ምዝገባው ሲከፈትም ተመዘገቡ።

ፈተናውን የተፈተንሁት በኅዳር ወር ነው። ስለ ጠለፋ መድን ተጠየቅሁ፤ ስለ 1952ቱ ሕግ ተጠየቅሁ፤ ስለ ሸሸገ ሰው ግን አንድም ጥያቄ አልወጣም! ያን ሌሊት ያልተኛሁበት ጥያቄ ለካ ከወረቀቱ ውጭ የተሰጠ ፈተና ኖሯል።

ፈቃዴን ከያዝሁ በኋላ አንድ ቀን አጎቴ የሆስፒታል ካርዳቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና፣ «በል ጻፈው» አሉኝ። ኩባንያው አስመረመራቸው፤ ከጠየቁት ባነሰ ገንዘብና ከሌላው ሰው በበለጠ ክፍያ ተቀበላቸው። ደረሰኙን እያዩ፣ «እውነት ውድ ናት» አሉ።

«አዎን ጋሼ፤ ግን ልጆቹ የሚይዙት ወረቀት የጸና ነው» አልኋቸው።

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም ከሱቃቸው ዳቦ ቆርሰው አጎረሱኝ።