ከቦሌ እስከ አያት፤ ስለ መንገድና ስለ ጎረቤት

የከተማን ልማት ለመመርመር የሚወድ ሰው ኹለት መንገድ አለው። አንዱ ሹማምንት የሚያቀርቡትን ሪፖርት መስማት ነው፤ ኹለተኛው በእግር ኼዶ በዐይን ማየት ነው። ከመስከረም ወር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ከንቲባነት የተሾሙት ወይዘሮ አዳነች አቤቤ ስለ ኮሪደር ልማት ለምክር ቤትና ለነዋሪዎች የሚሰጡትን ማብራሪያ ስንሰማ ቈይተናል፤ አኹንም ቃሉን ከምድሩ ጋራ ለማስተያየት ብለን የከተማችንን ምሥራቃዊ ክፍል ተመለከትን።

ቦሌ አስቀድሞ የእርሻና የግጦሽ ሜዳ ነበር። በልደታ የነበረው የአውሮፕላን ማረፊያ ለጄት የማይበቃ ስለ ኾነ አዲሱ ማረፊያ በዚህ ሜዳ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 720 የተባሉትን ጄቶች ተረከበ። ከዚያ ወዲህ ቦሌ የአገራችን ደጅ ኾነ።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲዠመር ከመዠመሪያዎቹ መስመሮች አንዱ ከዚሁ ማረፊያ እስከ መገናኛ ያለው ነው። ለእግረኛ ሰፊ መኼጃ፣ ለብስክሌት የተለየ መንገድ፣ ለማታ መብራት፣ ለደከመ ሽማግሌ መቀመጫ ተዘጋጅቶለታል። ይህን አይቶ አለማመስገን ንፉግነት ነው።

ከመገናኛ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የዠመረው የቀላል ባቡር መስመር በጉርድ ሾላና በሲ.ኤም.ሲ. አልፎ አያት ይደርሳል። ሲ.ኤም.ሲ. የሚባለው ስም ቤቶቹን ከሠራው የኢጣልያ ኩባንያ የቀረ ነው። ከዚያ ወዲያ በሰሚት፣ በአያትና በቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ረድፍ በረድፍ ቆመዋል። ከተማው ወደ ምሥራቅ እጅግ ስለ ሰፋ በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ 11ኛው ክፍለ ከተማ ኾነ።

በእነዚህ ሕንፃዎች ቤት የሚገኘው በዕጣ ነው። ዕጣ ግን ቤት ይሰጣል እንጂ ጎረቤት አይሰጥም። ባንድ መንደር ያረጁ ሰዎች በየሰፈሩ ይበተናሉ፤ ደጅ ለደጅ የሚተያዩትም እንግዳ ለእንግዳ ይኾናሉ። ስለዚህ የቤት እመቤት አዲሱን ቤት ስትረከብ አስቀድማ የምታስበው ስለ ግድግዳው አይደለም፤ ሐዘን ቢመጣ ድንኳን የሚተክል፣ ወጥ የሚሠራ፣ አብሮ የሚያስተዛዝን ማን ነው ብላ ነው። በየሕንፃዎቹ መካከል ለድግስና ለልቅሶ የሚያገለግል የጋራ ቤት መሠራቱም ይህን በማሰብ ነው። ዕድር በወር መዋጮ፣ በድንኳን፣ በወንበርና በድስት ይቋቋማል፤ የሚጸናው ግን በብዙ ዘመን መተማመን ነው። ድስቱን መኪና ይጭነዋል፤ መተማመኑን ግን የሚጭን መኪና የለም።

መንገድ ሲሰፋ ከቤቱ የሚነሣ ሰው መኖሩ የታወቀ ነው። በ2017 ዓ.ም. አምነስቲ ኢንተርናሽናል የተባለው የሰብአዊ መብት ማኅበር በቦሌና በለሚ ኩራ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች በግድ ከቤታቸው ተነሥተዋል በማለት ሥራው ለጊዜው እንዲቆም ጠይቋል። የአገራችን ሕግም ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። አዋጅ ቍጥር 1161/2011 ካሣ የሚከፈለው ለፈረሰው ቤት ብቻ ሳይኾን ለተቋረጠው ማኅበራዊ ትስስር ጭምር እንዲኾን ያዛል። እኛ በፍርድ ቤት መዝገብ ስንጽፍ የኖርን ሰዎች ይህን ቃል ከፍ አድርገን እናየዋለን፤ ሕግ ራሱ ጎረቤት ዋጋ እንዳለው መስክሯልና።

ስለዚህ የዕድር ሽማግሎችና የሰፈር ማኅበራት የልማት ሪፖርት በሚሰሙበት ጊዜ፣ ስንት ኪሎ ሜትር መንገድ ተሠራ ከሚለው ቍጥር አጠገብ ስንት ዕድር ተነቀለ፣ ስንቱስ ተመልሶ ተተከለ የሚል ቍጥር ቢጻፍ መልካም ነው። ለሚነሡት በቂ ጊዜ ቢሰጥ፣ ዕጣውም ለየብቻ ሳይኾን በዕድር በዕድሩ ቢወጣ፣ ብዙ እንባ ይቀራል። ሽማግሎቹም የአባሎቻቸውን መዝገብ ይዘው ቀርበው በትሕትና፣ ነገር ግን ሳያፍሩ ማስረዳት ይገባቸዋል፤ ያልተነገረ ችግር በሪፖርት አይገባምና።

አባቶቻችን ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ብለዋል። መንገዱ የሩቁን አቅርቦልናል፤ የቅርቡን እንዳያርቅብን መጠንቀቅ የሹሙም የነዋሪውም ድርሻ ነው።