ግራ እጅ

አጎቴ ክራር ሲያስተምረኝ ቀኝ እጄን ትቶ ግራዬን ነበር በአለንጋው ጫፍ ነካ የሚያደርገው። «እፈን! እፈን እንጂ አንተ ልጅ!» በቀኝህ አውታሮቹን በሙሉ በአንዴ ትገርፋለህ፣ በግራህ ጣቶች ደግሞ ከኋላ ሆነህ እንዲሰሙ የማትፈልጋቸውን ታፍናለህ። ያልታፈኑት ይናገራሉ። ሁለት ክረምት ታገልኩና ተውኩት።

ሰሞኑን የጥንት ግሪኮችን ክራር መሰል መሣሪያ፣ ሊራን፣ ከሞት ስለሚያስነሡ ሰዎች ሳነብ ያ «እፈን» ድንገት ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ።

ሊራቸው ሞቶባቸዋል። ዛሬ ቀርጤስ ላይ ሊራ የሚሉት እንደኛ ማሲንቆ በደጋን የሚገዘገዝ ሌላ መሣሪያ ነው፤ የወረሰው ስሙን ብቻ ነው። የጥንቱን የሚፈልግ ሰው ያለው የሸክላ ላይ ሥዕል፣ የዔሊ ቅርፊት ስብርባሪና ስልሳ ገደማ የኖታ ቁርጥራጭ ነው። ከቁርጥራጮቹ ሳይጎድል የተረፈው በቱርክ አይዲን አካባቢ የተገኘ የመቃብር ድንጋይ ላይ የተቀረጸ አንድ አጭር ዘፈን ነው።

ኦስትሪያዊው ሽቴፋን ሃገል በዚህ ነገር ዕድሜውን የፈጀ ምሁር ነው፤ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ስለ ጥንታዊ ግሪክ ሙዚቃ ያሳተመው መጽሐፍ ለእንደኔ ዓይነቱ የሒሳብ ፈተና ነው። ሰውየው ግን ይጫወታልም። ከሌላው ምሁር ከጌኦርግ ዳኔክ ጋር ሆኖ የሆሜር ግጥም በአራት አውታር ብቻ እንዴት ይዜም እንደነበር ሞክሮ አሰምቷል። ዜማውን ከራሱ አላመጣም፤ የጥንት ግሪክኛ ቃል ሲነገር በራሱ ከፍ ዝቅ ይል ነበርና ዜማውን የቀዳው ከዚያ ነው። መጀመሪያ ስሰማው ሰለቸኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን በሁዳዴ በገና ሲደረደር የሚይዘኝ ዓይነት ዝምታ ያዘኝ፤ ስልኬን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ።

ከሁሉ ያስገረሙኝ የመሣሪያው ክፍሎች ናቸው። አውታሮቹ የሚታሰሩበትን አግዳሚ እንጨት እኛ ቀንበር እንለዋለን አይደል? እነሱም ዙጎን ይሉት ነበር፤ ትርጉሙ ቀንበር። አውታሩ የበግ አንጀት። ማጥበቂያው ደግሞ ከበሬ ማጅራት የወጣ ወፍራም ቆዳ ጥቅልል! ቀንበርና የበሬ ማጅራት እዚህም ተገናኙ፤ ገበሬ ፈጠረው ልል ስል፣ በእነሱ ተረት የሠራው ሌባ ሆኖ አረፈው። ሄርሜስ የሚሉት አምላካቸው በተወለደ ዕለት ረፋዱ ላይ ከዔሊ ቅርፊት ሊራውን ሠርቶ፣ ማታውን የሌላውን አምላክ የአፖሎን ከብቶች ነድቶ ጠፋ።

(ኮሜንት ላይ «ከእኛ ነው የወሰዱት» ልትሉ ለተዘጋጃችሁ፦ ቆይ። በሜሶፖታሚያዋ ዑር ከ4,500 ዓመት ገደማ በፊት ከነባለቤቶቻቸው የተቀበሩ የዚሁ ዘር መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ዘመዳሞች ናቸው፤ ማን ማንን ወለደ የሚለውን እንተወው።)

እንጨቱንና ቅርፊቱን ከሥዕል አይቶ መሥራት ይቻላል። እጁስ? ሸክላው ላይ የተሣለው ደርዳሪ ቀኝ እጁ መምቻውን ይዞ አውታሮቹን ጠርጎ አልፏል፣ የግራው ጣቶች ከአውታሮቹ ኋላ ተዘርግተዋል። ምን እያደረጉ ነው? ሥዕል ድምፅ የለውም። መልሱን ብዙዎች ያገኙት መሣሪያው ካልሞተበት አገር ነው። ብሪታኒያዊው የሊራ ተጫዋች ማይክል ሌቪ ለምሳሌ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የክራር ደርዳሪዎች እንደተማረ ሳይደብቅ ይናገራል፤ በቀኝ መግረፍ፣ በግራ ማፈን።

የአጎቴ ማስተማሪያ ለካ ለሸክላው ሥዕል መግለጫ ነበር። እሱ ስለ ግሪክ የሚያውቀው ካለ ሰፈራችን ያለውን የግሪኮች ግሮሰሪ ነው።

ክራሩ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከስድስቱ አውታር ሁለቱ ተበጥሰው አራት ቀርተውታል። ሆሜርም በአራት ተዚሟል ብዬ ቅዳሜ አወረድኩት። ግራ እጄ አሁንም አያፍንም።