የላስታ ጎረቤቶቻችን

ሰው ከለመደው ከተማ ወጥቶ በሩቅ ገጠር በተቀመጠ ጊዜ፥ አስቀድሞ የሚታየው የጎደለው ነገር ነው። እኛም ለሥራ ከአዲስ አበባ ወደ ላስታ ተዛውረን፥ ከቤተ ሰባችን ጋር በይምርሐነ ክርስቶስ አቅራቢያ በተቀመጥንበት ዘመን፥ በመጀመሪያ የምናወራው ስለ መብራቱና ስለ መንገዱ ብቻ ነበረ። ልጆቻችን ግን ቀድመውን ሌላውን አዩ፤ በዓለት ላይ ፀሓይ የሚሞቀውን ሽኮኮ፥ ከዛፍ ወደ ዛፍ የምትዘለውን ጦጣ፥ ማጅራቱ ነጭ የሆነውን ቁራ። ዳዊት በ103ኛው መዝሙሩ ሽኮኮን ከነመሸሸጊያው ማንሣቱንም ያስተዋሉት በዚያ ነው።

ይህን ቤተ ክርስቲያን ከቅዱስ ላሊበላ አስቀድሞ የነገሠው ይምርሐነ ክርስቶስ በዋሻ ውስጥ አሠራው። በዙሪያው ያለው የጥድ ደን እስከ ዛሬ የቆመው፥ የቤተ ክርስቲያን አጸድ ነው ተብሎ ስለ ተከበረ ነው። ሌላው ጋራ በብዙ ስፍራ ተመንጥሮ እርሻ ሆኗልና፥ ለአዕዋፍና ለአራዊት የቀረላቸው መጠጊያ እንዲህ ያለው ደንና ገደሉ ነው።

ከፍ ብሎ፥ ከ4000 ሜትር በላይ በሚደርሰው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ፥ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖራሉ። ሁለቱም በዱር የሚገኙት በአገራችን ብቻ ነው። ጭላዳ ቀን ሣር ሲነጭ ውሎ ሌሊት በገደል ያድራል። የቀይ ቀበሮ ዋና ምግቧ አይጥ ነው፤ በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንኳ አይሞሉም።

ነገር ግን ከከተማ መጥቶ ገበሬውን «አውሬውን አትንካ» ማለት ቀላል ነው። ጭላዳ ገብሱን ይበላበታል፤ ማሳ ለመጠበቅ ከትምህርቱ የሚቀር ልጅም አለ። ስለዚህ የአውሬው ነገር ሲነሣ የዚህ ልጅ ነገር አብሮ ሊነሣ ይገባል፤ የጥበቃው ሸክም በአንድ ድኻ ቤት ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባውምና።

ያለ ብዙ ወጪ ልናደርገው የምንችለው ግን አንድ ነገር አለ። እረኛውን ተከትሎ ወደ ተራራ የሚወጣ ውሻ የእብደት በሽታን ለቀይ ቀበሮ ያስተላልፋል። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች ይህ በሽታ ገብቶ፥ በአንድ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጅቷል። በሽታው ሰውንም የሚገድል ስለ ሆነ፥ ውሻን ማስከተብ ቀበሮዋንም ልጆቻችንንም ማዳን ነው።

እንግዲህ የተወደዳችሁ አንባብያን ሆይ፥ በገጠር የምትኖሩ ሁሉ፥ የእንስሳት ሐኪም ወደ ቀበሌያችሁ በመጣ ጊዜ ውሻችሁን ወስዳችሁ አስከትቡ፤ ሌሊት ቤት ይጠብቅ እንጂ ቀን በተራራው ላይ እንዲንከራተት አትልቀቁት። ልጆቻችሁም «ያ ምንድር ነው?» ብለው ወደ ገደሉ ሲያመለክቱ፥ ሥራችሁን ለጥቂት ጊዜ ትታችሁ አብራችኋቸው እዩ።