ኩልፎ ሲደፈርስ

እህቴ ከሞንትሪያል ስትደውል ጥቅምት ላይ የማትረሳው አንድ ወሬ አላት፤ የጎማ ወሬ። «ዛሬ የክረምት ጎማዬን አስገጠምኩ» ትለናለች። እሷ በምትኖርበት በካናዳዋ ኪቤክ ግዛት ከኅዳር 22 እስከ መጋቢት 6 ድረስ የቤት መኪና የበረዶ ጎማ ማድረግ በሕግ ግዴታ ነው። አራቱን የበጋ ጎማዎች ከነቸርኬያቸው አውልቃ ጓዳ ታስቀምጣለች፤ አራቱን የክረምት ጎማዎች ከነቸርኬያቸው ታስገጥማለች። ምክንያቱን ስትነግረን፣ ተራው ጎማ ቅዝቃዜው ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ላስቲኩ እየደረቀ መንገድ መያዝ ያቅተዋል፤ የክረምቱ ግን ለስላሳ ሆኖ ይቆያል አለችን።

አንድ ቀን ይህን ስታወራ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። እንዝርቷን አቁማ፣ «የክረምት ጎማ ነው ያለችው?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ። ለበረዶ የሚሆን።»

«እዚህስ ክረምት የለም እንዴ?»

ሁላችንም ሳቅን። እናቴ ግን አልሳቀችም። ለምን እንዳልሳቀች የገባኝ ትንሽ ቆይቶ ነው፤ ካቻምና ዶርዜ ስንወጣ የሆነውን እያስታወሰች ነበር።

እናቴ የዶርዜ ልጅ ናት። ሽሮ ሜዳ የመጣችው ሸማኔውን አባቴን አግብታ ነው። እኔና እህቴ ያደግነው የመወርወሪያ ድምፅ እየሰማን ነው፤ መስከረም በባተ ቁጥር ደግሞ ሰፈሩ በከፊል ባዶ ሲሆን እናያለን። የጋሞ ሰው የትም ቢበተን ለመስቀል አገሩ መግባት አለበት። «ዮ ማስቃላ» የሚባለው በዓል ቅቤና ሥጋ ብቻ አይደለም፤ የተጣላ የሚታረቅበት፣ የራቀ ልጅ እናቱ ደጅ የሚቆምበት ቀን ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ የምንሄደው በአውቶቡስ ነበር። እኔ አሮጌ ኮሮላ ከገዛሁ ወዲህ ግን እናቴን፣ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ የምነዳው እኔ ሆንኩ።

ካቻምና የመኪናዬ ጎማዎች ጥርሳቸው አልቆ ነበር። አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። መስከረም ግን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የደንብ ልብስና የደብተር ወር ነው። «መንገዱ እኮ አብዛኛው አስፋልት ነው፤ ለዚህ ለዚህ ይበቃል» ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ይህን ስሌት ያላሰላ አባወራ ካለ ይንገረኝ።

አዲስ አበባን ለቀን በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በወላይታ ሶዶ አድርገን ወረድን። ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተሰሜን፣ ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ ተገንጥለን ስንወጣ ፀሐይ ነበር፤ ልጆቹ መስኮት ከፍተው ሙዝ እየበሉ ነበር። ጥቂት ኪሎ ሜትሮች እንደወጣን ጭጋግ ወረደብን። ወዲያው ጠጠሩ አልቆ ቀይ ጭቃ ጀመረ። አንዱ መታጠፊያ ላይ የመኪናው ኋላ ተንሸራተተ፤ መሪውን ባዞርም አልታዘዝ አለኝ። በግራ በኩል ያለው ገደል በጭጋጉ ምክንያት አይታይም፤ አለመታየቱ ነው የባሰው። መኪናው ተራራውን ተደግፎ ቆመ። ልጆቼ አላለቀሱም፤ ዝም አሉ። እናቴ በጋሞኛ ትጸልይ ነበር።

ከማሳ የመጡ ወጣቶች ከጎማው ሥር ድንጋይና የቀርከሃ ቅርንጫፍ እየጎዘጎዙ ገፍተው አወጡን። አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ጎንበስ ብለው ጎማውን በመዳፋቸው ዳበሱና፣ «ልጄ፣ ይሄ ጎማ ነው ወይስ ጠረጴዛ?» አሉኝ። የሚመለስ መልስ አልነበረኝም። እናቴ ነጭ ነጠላዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆኖ ነው የእናቷ ደጅ የደረሰችው።

በአንድ ሰዓት ሁለት አየር

የአዲስ አበባ ሰው አየሩን የሚያሰላው በራሱ ከተማ ነው። አደይ አበባ ሲፈነዳ ዝናብ አለቀ ይላል። የጋሞ ደጋ ግን የራሱ ቀመር አለው። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሙዝ፣ ማንጎና ሙቀት። 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ጨንቻ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ እንሰት፣ ገብስ፣ ቀርከሃና ብርድ። ከዚያም በላይ ወደ 4,200 ሜትር የሚጠጋው የጉጌ ተራራ አለ። ከሸሚዝ ወደ ጋቢ የምትሸጋገሩት ከአንድ ሰዓት ብዙም በማይበልጥ ጉዞ ነው። ዝናቡም አንድ ጊዜ ወርዶ የሚያበቃ አይደለም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘንባል፤ ሐምሌና ነሐሴም ደጋው አይደርቅም፤ እኛ «ጠባ» ባልንበት በመስከረምና በጥቅምት ደግሞ እንደገና ይመጣል።

ስለዚህ መኪና የሚዘጋጀው ለሚነሡበት ቦታ ሳይሆን ለሚደርሱበት ቦታ ነው። እህቴ የክረምት ጎማ የምትለው ለበረዶ ነው፤ የእኛ ክረምት ግን ጭቃ ነው። የበረዶ ጎማ እዚህ ቢመጣ ቆላው ሙቀት ላይ ቶሎ ይበላል። እኛ የሚያስፈልገን ጥርሱ ያላለቀ፣ ጭቃውን የሚተፋ ሰፋ ያለ ቦይ ያለው፣ ዕድሜው ያልገፋ ጎማ ነው። ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ከትምህርት ቤቱ ክፍያ በፊት ጎማውን አስቀደምኩ።

ጎማ ስገዛ የተማርኩት

መጀመሪያ የተማርኩት የጎማውን ዕድሜ ማንበብ ነው። የገባሁበት አንድ ሱቅ የሚያብረቀርቅ «አዲስ» ጎማ አወጣልኝ። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበት ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። 2314 የሚል ከሆነ በ2014 ዓመት 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። እዚህ ላይ እኛን የሚያሞኘን የዘመን አቆጣጠራችን ነው፤ ቁጥሩ በፈረንጆች ነውና የእኛን 2014 መስሎት የሚገዛ ሰው የሰባትና የስምንት ዓመት ስሕተት ይሠራል። ያ «አዲስ» ጎማ መጋዘን ውስጥ ያረጀ ነበር። ላስቲክ ሳይነዳም ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል። አመስግኜ ወጣሁ።

ሁለተኛው ጥርሱ ነው። በጎማው ቦዮች ውስጥ ተኝተው የሚታዩ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። ጥርሱ አልቆ ከጉብታው እኩል ከሆነ የቀረው 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነውና ያ ጎማ ዕድሜውን ጨርሷል። ለዝናብ መንገድ ግን ያን ያህል መጠበቅ የለበትም፤ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ውኃውን ገፍቶ አስፋልቱን መያዝ እያቃተው ይሄዳል። በእርጥብ መንገድ መኪና ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ቸርኬ ነው። የወንድሜ ልጅ «ጋሼ፣ ትልቅ ቸርኬና ስስ ጎማ አድርግበት፤ ያምርብሃል» ብሎኝ ነበር። ለከተማ ያምር ይሆናል። በድንጋያማ መንገድ ላይ ግን ጎማው በሳሳ መጠን ምቱን የሚቀበለው ቸርኬው ነው፤ የተጣመመ ቸርኬ ደግሞ አየር ያስተነፍሳል። መኪናው ፋብሪካ ሳለ በተሰጠው ልክ እንዲቆይ አደረግሁ። ልኩም የአየሩ መጠንም በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል። አምስት ሰውና የበዓል ዕቃ ሲጫን የሚሞላው አየር ከወትሮው ከፍ እንደሚል የሚነግረንም ያው ወረቀት ነው። አየር የሚለካው ታዲያ ጎማው ሳይሞቅ ጠዋት ነው።

አራት መግዛት ያልቻለ ሁለት መግዛቱ ነውር አይደለም። ሁለት ብቻ ከሆኑ ግን አዲሶቹ ከኋላ ይግቡ ይላሉ ጎማ አምራቾቹ። ብዙዎቻችን ከፊት ነው የምናስገባው። ሆኖም የፊቱ ሲንሸራተት ፍጥነት ቀንሶ መሪ ማቃናት ይቻላል፤ የኋላው ሲከዳ ግን መኪናው ራሱ ይዞራል። ካቻምና የከዳኝም የኋላው ነበር።

አምስተኛውን ጎማ አትርሱ። ተጠባባቂው ጎማ አየር ከሌለው ሸክም ነው። ክሪክና የብሎን መፍቻ መኖራቸውን ብቻ ሳይሆን የእናንተን ብሎን የሚፈታ መሆኑንም ደጃችሁ ላይ ሞክሩት።

ይህን ሁሉ አድርጌም አንድ ነገር አመለጠኝ። መስከረም 14 ንጋት ላይ ተነሥተን ቡታጅራ ስንቃረብ ከፊት በኩል «ኳ፣ ኳ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወርጄ ሳይ ሦስት ብሎኖች ላልተዋል። ጎማውን የገጠመልኝ ጎሚስታ ተቻኩሎ ነበር፤ እኔም ቆሜ አላየሁም። ብሎን በዙሪያው ተራ አይጠብቅም፤ አንዱ ከጠበቀ በኋላ ፊት ለፊቱ ያለው፣ እንዲህ እየተሻገረ ነው፤ ጎማ በተቀየረ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ውስጥ ደግሞ እንደገና መጥበቅ አለበት። ትልቁ ልጄ እየቆጠረልኝ አንድ በአንድ አጠበቅን። አሁን ይህ የእሱ ሥራ ሆኗል።

ድልድዩ ላይ

ማታ አርባ ምንጭ ገብተን ሲቀላ አደርን። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ ከአባያና ከጫሞ መካከል ያለው «የእግዚአብሔር ድልድይ» ወለል ብሎ ይታያል። ወደ ዶርዜ ለመውጣት ወደ ሰሜን መመለስ፣ ለዚያም ኩልፎን መሻገር አለብን። ድልድዩ ጋ ስንደርስ እናቴ፣ «አቁም እስቲ» አለችኝ።

ከድልድዩ አለፍ ብዬ ዳር ይዤ አቆምኩ። ወርዳ ወንዙን አየችው። ኩልፎ ከጋሞ ደጋ ተነሥቶ፣ የአርባ ምንጭን ጥቅጥቅ ያለ ደን አቋርጦ ጫሞ የሚገባ ወንዝ ነው። በበጋ ድንጋዩ ይቆጠራል። ያን ጠዋት ግን እንደ ቡና አተላ ደፍርሶ፣ ቅርንጫፍ እየጎተተ ይወርድ ነበር። እኛ የቆምንበት ቦታ አንዲት ጠብታ አልጣለም።

«ላይ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል» አለች። «ዛሬ አንወጣም።»

«እማዬ፣ ዘንድሮ እኮ ጎማው አዲስ ነው።»

«ጎማው አዲስ ነው። ጭቃው ግን የድሮው ነው።»

ልከራከራት ፈልጌ ነበር። ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣሁት ለዚህ ቀን አልነበረም? ደግሞም ለመስቀል የቀረን ሁለት ቀን ብቻ ነው። ነገር ግን የኋላ መቀመጫ ላይ ያሉትን ልጆች አየሁና ተውኩት። በዓሉ እንዳያልፍባት ከማንም በላይ የምትጓጓው እሷ ናት፤ እንቆይ ያለችውም እሷ ናት።

ያን ቀን ምንጮቹ ጋ ወርደን ዋልን። ልጆቹ «እማማ፣ አርባ አይሞሉም እኮ!» እያሉ ቆጠሩ። ከሰዓት በኋላ ደጋግሜ ወደ ደጋው አየሁ፤ ዳመናው እየሳሳ ነበር። በማግሥቱ የደመራ ዕለት ጠዋት ድልድዩ ላይ ስንደርስ ኩልፎ ገና ጥርት አላለም፤ ግን ዝቅ ብሏል፤ የዳሩ ድንጋይ ብቅ ብቅ ብሏል። እናቴ አይታ፣ «በል፣ ቀስ እያልን» አለች።

በዝቅተኛ ማርሽ፣ ፍሬን ሳላበዛ ወጣሁ። ያ መታጠፊያ አሁንም እርጥብ ነበር። መኪናው ጥቂት ዋለለ፤ ጎማው ቆንጠጥ አደረገና አለፈ። ማንም አልተናገረም። ከመታጠፊያው ወዲያ ካቻምና የገፉን ሰዎች ማሳ አለ፤ አቁሜ ከሽሮ ሜዳ ያመጣነውን ነጠላ ለዚያ ለሸምጋዩ ሰው ሰጠኋቸው። እሳቸው መጀመሪያ ያዩት ነጠላውን አይደለም። ጎንበስ ብለው ጎማውን ዳበሱና በጥፍራቸው ጥርሱን ቆጠቆጡ።

«እንዲህ ነው እንጂ» አሉ።

እናቴ የዘንድሮውን መስቀል ነጠላዋ ነጭ እንደሆነ ገባች። ማታ በዝሆን ቅርጽ በተሠራው የዶርዜ ቤት ውስጥ እሳት ዳር ተቀምጠን ቆጮ በዳጣ እየበላን ለእህቴ ደወልን። ገና ሰላም ሳትለን፣ «ጎማ ቀየራችሁ?» አለች። ስልኩን እናቴ ተቀበለችኝ።

«ቀይረናል፤ የክረምት ነው» አለቻት።