የጁባ ፀሐይና የአሮጌው ካሜራችን ሌንስ

ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነጻነቷን ያወጀች፣ ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ ታናሽ የሆነች አገር ናት። ዋና ከተማዋ ጁባ በነጭ ዓባይ ዳር ተቀምጣለች። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዞ እዚያ ሲወርድ፣ የደጋውን ብርድ ትቶ ከባሕር ጠለል 550 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ወዳለ ሞቃት ሜዳ ይገባል። በምዕራብ በኩል ጀበል ኩጁር የሚባለው ድንጋያማ ተራራ ይታያል። ኮኞ ኮኞ በሚባለው ገበያ ደግሞ የዓባይ ዓሣ፣ ጨርቃ ጨርቅና በኒሙሌ መንገድ ከኡጋንዳ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ ይሸጣል። በከተማው ውስጥ ሆቴልና ሱቅ ከፍተው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ብዙ ናቸው።

ለሥራ ጉዳይ ተልከን በዚያ በቆየንበት በበጋው ወራት፣ ከመንገዱ የሚነሣው ቀይ አቧራ ወደ ካሜራችን ሌንስ ገብቶ ቀለበቱን አልዞር አሰኘው። ካሜራው ኒኮን ዲ90 የሚባለው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2008 የወጣ ነው። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቻችንም «ያረጀውን ጥላችሁ አዲስ ግዙ» ብለው መከሩን። እኛ ግን ነገሩን ስንመረምር፣ የደከመው ሌንሱ እንጂ ካሜራው አለመሆኑን ተረዳን። ካሜራው 12 ሚሊዮን ነጥብ ያህል ያለው ምስል ይሰጣል፤ ይህም በግድግዳ ለሚሰቀል 30 በ20 ሳንቲ ሜትር ፎቶግራፍ ይበቃል።

ነገሩን ያስቸኮለው ግን የምንኖርበት ግቢ ዘበኛ ጥያቄ ነበር። ይህ ሰው በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጦርነት በተነሣ ጊዜ ከነቤተሰቡ ሲሸሽ፣ የአባቱና የእናቱ ፎቶግራፎች በቤቱ ውስጥ ቀርተው ጠፍተውበታል። አሁን አሮጊት አክስቱ ወደ ገጠር ከመመለሳቸው በፊት፣ ከልጆቹ ጋር በአንድነት እንድናነሣቸው ለመነን። አክስቱ የሚቆዩትም እስከሚመጣው ሳምንት መጨረሻ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ተስማሚ ሌንስ ለማግኘት ወደ ገበያ ወጣን። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ሦስት ሌንሶች ቀረቡልን። የመጀመሪያው አዲስ የሚመስል 18–55፣ ሁለተኛው ሩቁን የሚያቀርበው 55–300፣ ሦስተኛውም ያገለገለ 18–105 ነበር። ቁጥሮቹ የሌንሱን ርዝመት በሚሊ ሜትር የሚያመለክቱ ናቸው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ሰፊውን ያያል፣ ሲበዛም ሩቁን ያቀርባል።

በመጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ይህ ሌንስ ከካሜራዬ ጋር ይስማማልን?» የሚለው ነው። የኒኮን ሌንስ መግጠሚያ ከ1959 ጀምሮ ቅርጹን ሳይለውጥ ቆይቷል፤ ነገር ግን ስለ ገጠመ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም። ያ አዲስ መሳይ 18–55 «ኤ ኤፍ-ፒ» ከሚባለው፣ በ2016 ከወጣው ዓይነት ነበር። ይህ ዓይነት ሌንስ በዲ90 ላይ ቢገጠምም ምስሉን ማጥራት አይችልም፤ በእጅ ቢሞከርም እንቢ ይላል። እንዲሁም ዲ40ና ዲ60 የሚባሉት ካሜራዎች በውስጣቸው ሌንሱን የሚያንቀሳቅስ ሞተር ስለሌላቸው፣ የራሱ ሞተር ያለውን «ኤ ኤፍ-ኤስ» ይፈልጋሉ። የካኖን አሮጌ ካሜራ ያለው ሰውም በ2018 የወጣው «አር ኤፍ» የሚባለው ሌንስ በካሜራው ላይ ጨርሶ እንደማይገጥም ማወቅ ይገባዋል።

ሻጩ ዕድሜያቸው የገፋ የአገራችን ሰው ነበሩ። «ወንድሜ፣ አዲሱ እያለ ያገለገለውን ለምን ይመርጣሉ?» አሉን። እኛም «ጋሼ፣ አዲስነቱንስ ወደድነው፤ ነገር ግን ከካሜራችን ጋር አይግባባም» ብለን ካሜራው ላይ ገጥመን አሳየናቸው። እርሳቸውም ቅር ሳይላቸው ሌንሱን ወደ መደርደሪያው መልሰው፣ «እንግዲያው ለሌላ ደንበኛ ሳልሸጥ እጠይቃለሁ» አሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ «የማነሣው ምንድር ነው?» የሚለው ነው። ሩቅ የሚያየው 55–300 በዓባይ ላይ ለሚበሩት ወፎችና ለጀበል ኩጁር ቋጥኞች እጅግ ያማረ ነው። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ካሜራ 55 ላይ ሆኖ ከ3 ሜትር ርቀት የሚያነሣ ሰው፣ 1.3 ሜትር ያህል ስፋት ብቻ ያገኛል። በ18 ግን ከዚያው ቦታ 4 ሜትር ያህል ይገባለታል። ስምንት ሰዎችን በ55 በአንድነት ለማንሣት ቢሻ 9 ሜትር ወደ ኋላ መሄድ አለበት፤ የዘበኛው ግቢ ደግሞ ከአጥር እስከ አጥር ይህን አያህልም።

ከዚህም በላይ ረጅም ሌንስ በጁባ ጥርጣሬን ያመጣል። በግንቦት 2014 ዓ.ም. በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ የተመረቀው የነጻነት ድልድይ ለዐይን ያማረ ነው። ሆኖም ድልድይን፣ የአውሮፕላን ማረፊያን፣ የጦር ሠራዊትንና የመንግሥት ሕንፃን ያለ ፈቃድ ማንሣት ችግር ላይ ይጥላል። እንግዳ የሆነ ሰው አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ፣ በመንገድ የሚያገኘውንም ሰው ሳያስፈቅድ አለማንሣት ይገባዋል። ይህ ለሕግ ብቻ ሳይሆን ለጨዋነትም ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ የብርሃን ነው። የጁባ ፀሐይ በቀትር ፊትን በጥላ ስለሚሸፍን፣ ማለዳ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ማንሣት ይሻላል። በመብራት ብቻ በሌሊት የሚያነሣ ሰው ግን በዙም ሌንስ ይቸገራል። ለእንዲህ ያለው ሰው የማይረዝም የማያጥር 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይጠቅመዋል፤ ቀዳዳው እስከ 1.8 ስለሚከፈት፣ በ5.6 ከሚገባው ብርሃን 10 እጥፍ ያህል ያስገባል። የእጅን መንቀጥቀጥ የሚከላከለው መሣሪያም የሚሮጥን ሕፃን እንደማያቆም መታወቅ አለበት።

በመጨረሻም ያገለገለውን 18–105 መረመርን። አንባቢያችንም እንደዚህ ያለ ዕቃ ሲገዛ እንዲህ ያድርግ። በእጅ ባትሪ አብርቶ በመስተዋቱ ውስጥ ይመልከት፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካየ ሻጋታ ነውና ይተወው። ጥቂት የአቧራ ቅንጣት ግን ምስልን አያበላሽም። ቀለበቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያዞረ አሸዋ የሚያኝክ ድምፅ እንዳለው ያዳምጥ። ከኋላው ያሉት ነቁጦች ንጹሕ መሆናቸውንና መግጠሚያው አለመሰንጠቁን ይይ፤ የ18–105 መግጠሚያ ፕላስቲክ ነውና። ከዚያም በራሱ ካሜራ ላይ ገጥሞ፣ በአጭሩም በረጅሙም ጫፍ ምስል አንሥቶ አራቱን ማዕዘኖች ያነጻጽር።

ያ ሌንስ ይህን ፈተና ሁሉ ስላለፈ ገዛነው። አቧራ እንዳይገባበትም ሌንስ የምንለውጠው በቤት ውስጥ ብቻ ነው። ዝናቡ ሲጀምር ደግሞ እርጥበት ሻጋታን ስለሚያመጣ፣ እርጥበት ከሚመጥጡ ከረጢቶች ጋር በሚገጠም ሣጥን እናስቀምጠዋለን።

ዓርብ ማለዳ አክስቲቱን በወንበር አስቀምጠን፣ ልጆቹን በግራና በቀኝ አቁመን በ24 አነሣናቸው። ቀጥለንም ሌንሱን ወደ 105 አዙረን የእርሳቸውን ፊት ብቻ አነሣን። ዘበኛው ሁለቱንም በሁለት በሁለት ቅጂ አሳተመ። አንዱን በቤቱ አስቀመጠ፤ ሁለተኛውን ግን «አንዱ ቢጠፋ አንዱ ይተርፋል» ብሎ ከአክስቱ ጋር ወደ ገጠር ላከው።