ሙዚቃ ስለሚያመጡ ውድ መሣሪያዎች ዋጋና ጥቅም

በቀደመው ዘመን በቤቱ ሙዚቃ ለመስማት የፈለገ ሰው ግራሞፎኑንና ሸክላውን ይገዛ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ክሩ መጣ፥ ከክሩም በኋላ ሲዲ የሚባለው የሚያብረቀርቅ ሳሕን መጣ። ዛሬ ግን ሙዚቃው በመደርደሪያ የሚቀመጥ ዕቃ መሆኑ እየቀረ፥ ከሩቅ አገር መዝገብ በኢንተርኔት መስመር የሚጠራ ሆኗል። ይህን ሙዚቃ ከመስመሩ ተቀብሎ ወደ ድምፅ ማጉያው የሚያሳልፈው መሣሪያ ስትሪመር ይባላል። የመሣሪያው ሥራ አንድ ሲሆን ዋጋው ግን እጅግ የተራራቀ ነው፤ አንዱ መቶ ዶላር በማይሞላ ገንዘብ ይገኛል፥ ሌላው መልካም አውቶሞቢል የሚገዛ ገንዘብ ይጠየቅበታል። ብዙ ወዳጆቻችን «ልዩነቱ ከምን የመጣ ነው?» እያሉ ስለ ጠየቁን፥ እኛም በዚህ ነገር የራሳችን ጉዳይ ስለ ነበረን፥ መርምረን ያገኘነውን ለክቡራን አንባብያን ልናካፍል ወደድን። ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተጻፈ በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳያችን ይህ ነው። አባታችን በዐቢይ ጾም ማታ ማታ በገና እየደረደሩ በክር ያስቀሩት 41 ካሴት አለ። እሳቸው ከዚህ ዓለም ከተለዩ 9 ዓመት ሆነ። እናታችን ከእኛ ጋራ ይኖራሉ፤ ዕድሜያቸው 78 ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል፥ ጆሯቸውም እየከበደ ሄዷል። ያረጀው ማጫወቻ ከካሴቶቹ ሁለቱን ስለ በላብን፥ የቀሩትን 39 ሳይጠፉ ወደ ዲጂታል መዝገብ ገልብጠን፥ እናታችን በፈለጉ ጊዜ ማንንም ሳይጠሩ እንዲሰሟቸው ለማድረግ ቆረጥን።

በዚሁ ወራት በውጭ አገር በመንግሥት ሥራ ብዙ ዘመን የቆዩ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ወዳጃችን፥ ከለንደን ያመጡትን ናይም ኤንዲ 5 ኤክስኤስ 2 የሚባለውን መሣሪያ በበለጠ ሊለውጡት አስበው ስለ ነበር፥ «ልጄ፥ ለአንተ ከሆነ በግማሽ ዋጋ እሰጥሃለሁ» አሉን። ይህ መሣሪያ በእንግሊዝ አገር በሳልስበሪ ከተማ የሚሠራ ሲሆን፥ በ2018 ሲወጣ ዋጋው 2,299 ፓውንድ ነበር። ግማሹ እንኳ ለፍርድ ቤት ጸሐፊ ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ይልቁንም የብር ምንዛሬ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ። ለጣራችን ቆርቆሮ ብለን ያስቀመጥነው ከዚህ የሚበልጥ አልነበረም። ባለቤታችንም ነገሩን ሰምታ፥ «የአባባን ድምፅ መስማት እኔም እወዳለሁ፤ ነገር ግን ክረምቱ ሲገባ በገናውን የምንሰማው ከሚያፈሰው ጣራ ጋራ ነው» አለችን። ለዚህ ክርክር መልስ አልተገኘልንም።

ስለዚህ አስቀድመን የመሣሪያውን ሥራ መረመርን። ሙዚቃው በመስመር የሚመጣው በቁጥር ተጽፎ ነው። በሲዲ ልክ የተጻፈ እንደ ሆነ ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየተለካ እያንዳንዱ ልክ በ16 ቢት ይመዘገባል፤ የቀኙና የግራው ሲደመር በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት፥ በሰዓት 635 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። ፍላክ የሚባለው ከ2001 ጀምሮ የሚሠራበት የአጻጻፍ ዘዴ ይህን ቁጥር አጥፎ ያሳንሰዋል፤ ነገር ግን ደብዳቤ ታጥፎ በፖስታ ገብቶ ሲዘረጋ አንድ ፊደል እንደማይጎድልበት፥ ፍላክም ሲዘረጋ አንዲት ቁጥር አይጎድልበትም። በሰከንድ 320 ኪሎቢት ብቻ የሚልኩት ግን ጆሮ አይሰማውም ያሉትን ቈርጠው የጣሉ ናቸው።

ቁጥሩ በመንገድ ላይ ቢጎድል ተቀባዩ መሣሪያ ጉድለቱን አይቶ «ድገምልኝ» ብሎ ይጠይቃል፤ ሁሉ ተሟልቶ ሲደርስ በማኅደሩ አጠራቅሞ በሰዓቱ ያወጣዋል። እንግዲህ በዚህ ሥራ ርካሹና ውዱ የሚይዙት ቁጥር አንድ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን መጽሐፍ ስንገለብጥ የአንዱ ብርዕ ከሸምበቆ፥ የሌላው ከብረት ቢሆንም መምህሩ የሚያርሙት የፊደሉን መጉደል እንጂ የብርዑን ዋጋ አልነበረም።

ልዩነት ሊኖር የሚችለው ቁጥሩ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ በሚለወጥበት ስፍራ ነው። ዳክ የሚባለው ክፍል፥ ኃይል የሚሰጠውም ክፍል፥ የሳጥኑም አሠራር በዚህ ይቈጠራሉ። ባለጸጎቹ ፋብሪካዎች ገንዘባቸውን የሚያፈሱት እዚህ ላይ ነው። በስኮትላንድ በግላስጎው የሚገኘው ሊን በ2007 ክላይማክስ ዲኤስ የተባለውን አውጥቶ በ2009 የሲዲ ማጫወቻ መሥራቱን እስከ መተው ደረሰ፤ በ2021 ያወጣው ክላይማክስ ዲኤስኤም 30,000 ፓውንድ የተጠየቀበት ሲሆን ሳጥኑ ከአንድ ድፍን አሉሚኒየም ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ናይም ደግሞ በ2018 ኤንዲ 555 የተባለውን ሲያወጣ ኃይል የሚሰጠው ሳጥን ለብቻው የሚሸጥ ነበር፤ ያለ እሱም ስለማይሠራ ሁለቱ ተደምረው ወደ 20,000 ፓውንድ ደረሱ። ይህን ስንል ሠሪዎቹን ለመንቀፍ አይደለም። የእጅ ሥራቸው ያማረ ነው፤ አሮጌ መሣሪያም ተቀብለው የመጠገን ልማድ አላቸው፤ ዕቃው ለልጅ የሚተርፍ ዓይነት ነው። ነገር ግን ለማማርና ለመሰንበት የሚከፈለው ገንዘብ አንድ ነገር ነው፥ ለጆሮ የሚከፈለው ሌላ ነገር ነው፤ ሻጭ ሁለቱን ባንድ ሒሳብ ሲጽፋቸው ገዢ ለይቶ ሊጠይቅ ይገባዋል።

በሌላው ወገን የቆመው ዊም አልትራ የሚባለው ነበር። በ2024 በ329 ዶላር የወጣ ሲሆን፥ የባለቤታችን ወንድም ከአሜሪካ ለጥየቃ ሲመጣ «ካልወደዳችሁት ለራሴ ይሆናል» ብሎ ይዞልን መጣ። ሽማግሌው ወዳጃችንም ደግ ሰው ስለ ሆኑ ሁለቱን በቤታቸው እንድናነጻጽር ፈቀዱልን።

ነገሩን እንደ ችሎት ሥርዓት አደረግነው። ምስክር አስቀድሞ የዕቃውን ዋጋ አይቶ ከሆነ ቃሉ የጆሮው አይደለም፥ የዓይኑ ነው። ስለዚህ ሁለቱን መሣሪያዎች ከአንድ ማጉያ ጋራ አያይዘን በመጋረጃ ጋረድናቸው። የ1,000 ኸርዝ ድምፅ ለቀን በቮልት መለኪያ ኃይላቸውን አስተካከልን፤ ምክንያቱም ከሁለት ድምፆች አንዱ በጥቂት ከፍ ቢል ጆሮ «ከፍ ያለው» አይልም፥ «የተሻለው» ይላል እንጂ። ከፈረንሳይ አገር ከ1997 ጀምሮ ከወጡት የኢትዮፒክስ ሲዲዎች 11ኛውን የዓለሙ አጋን በገና፥ 21ኛውንም የእማሆይ ጽጌ ማርያምን ፒያኖ መረጥን። ወጣቱ ከመጋረጃው በስተኋላ ሳንቲም እየጣለ ይለዋውጣል፤ እኛም «ናይም» ወይም «ዊም» እያልን ቃላችንን እናስመዘግባለን። ከ20 ጊዜ ሽማግሌው 9፥ እኛ 11፥ ጆሮዋ ገና ያልተነካው የ14 ዓመት ልጃችን 12 ጊዜ አገኘን። በግምት ብቻ የሚናገርም ሰው 10 ያህል ያገኛል። ሽማግሌው መዝገቡን ሁለት ጊዜ አንብበው፥ «እንግዲያስ ከመጋረጃው በፊት ለ6 ዓመት የሰማሁት ምን ነበር?» ብለው ሳቁ።

የኛ 20 ጊዜ ትንሽ ነው የሚል ቢኖር እውነቱን ነው። ከዚህ የሰፋ ፈተና ሜየርና ሞራን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ2007 በድምፅ መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት አሳትመዋል። እነርሱ የፈተኑት ስትሪመርን ሳይሆን ከሲዲ በላይ ነው የሚባለውን ከፍተኛ ጥራት ነበር፤ ያንኑ ድምፅ በሲዲ ልክ አሳልፈው ከመጀመሪያው ጋራ ሲያስለዩ፥ በ554 ሙከራ ትክክል የተመለሰው 276 ብቻ ሆነ። ስለ ካሴት ደግሞ ነገሩ ከዚህም የቀለለ ነው፤ ክሩ ራሱ የሚያሰማው ሹክሹክታ 16 ቢት ሊመዘግበው ከሚችለው ጸጥታ እጅግ ይበልጣልና፥ የአባታችንን ካሴት በ24 ቢትና በ192,000 ልክ ማስቀመጥ ሹክሹክታውን በጥንቃቄ ማስቀመጥ ነው። በዚህ ልክ የተጻፈ አንድ ሰዓት ከ4 ጊጋባይት በላይ ቦታ ይበላል።

ታዲያ መምረጫው ምን ይሁን? በኛ አስተያየት አገልግሎቱ ነው፤ በዚህ ላይ መሣሪያዎቹ በእውነት ይለያያሉ። ናይሙ መስኮት የለውም፥ ሥራው ሁሉ በስልክ ይታዘዛል፤ ዝቅ ያለውን ድምፅ ከፍ፥ ከፍ ያለውን ዝቅ የሚያደርግ ማስተካከያም የለውም፤ ሠሪዎቹ ይህን የሚተዉት ድምፁን አለመንካት ክብር ነው ብለው ነው። ዊም አልትራ የመንኪያ መስኮት፥ በቁጥር የተለዩ የምርጫ ቁልፎች ያሉት መቈጣጠሪያ፥ በየድምፁ ከፍታ የሚያስተካክል ሰሌዳ፥ ለሸክላ ማጫወቻም መግቢያ አለው፤ ነገር ግን በአፕል ስልክ ባለቤቶች ዘንድ የተለመደው ኤርፕሌይ የለውም። ብሉሳውንድ ኖድ የተባለው የካናዳ መሣሪያ ኤርፕሌይን ይዟል፤ ኤርፕሌይ የግድ የሚያስፈልገው ሰው እሱን ይመልከት።

ሌላው መታሰብ ያለበት ዕድሜ ነው። የስትሪመር ሥጋው ብረት ቢሆን ነፍሱ ሶፍትዌር ነው። ስኩዊዝቦክስ የሚባለውን ሎጂቴክ በ2006 ገዝቶ በ2012 መሥራቱን ተወ፤ ሶፍትዌሩ ለሁሉ የተገለጠ ስለ ነበር ግን ወዳጆቹ እስካሁን በሕይወት ያቆዩታል። ኤምኪውኤ የተባለው በ2014 የተገለጠ የአጻጻፍ ዘዴም ብዙ መሣሪያዎች እንደ ማዕርግ ይጽፉት ነበር፤ ባለቤቱ ኩባንያ በሚያዝያ 2023 በዕዳ አስተዳዳሪ እጅ ወደቀ፥ ታይዳልም በሐምሌ 2024 ተወው። ስለዚህ ከሩቅ መዝገብ ብቻ ሳይሆን በቤት ካለ ዲስክ በዩኤስቢ ማጫወት መቻሉን አጥብቆ መጠየቅ ይገባል፤ ኢንተርኔቱ በሚቋረጥበት ማታም ቤቱ ዝም አይልም። የወር ክፍያ የሚቀበለው ኩባንያ በአገራችን መሥራት አለመሥራቱንም ከመግዛት በፊት ማረጋገጥ ያሻል። መብራት ሲሄድና ሲመጣ የኃይሉ መዋዠቅ ውዱንም ርካሹንም አይምርምና ስታቢላይዘር አይቅር።

ስለ እናታችን ሐኪሙ የጆሯቸውን ልክ በወረቀት ሥሎ ሰጥቶናል። እስከ 1,000 ኸርዝ ደኅና ነው፤ ከ2,000 በላይ እየወረደ ሄዶ በ4,000 እጅግ ይከብዳል። ለእሳቸው 20,000 እና 40,000 የሚል ጽሑፍ ያለበት መሣሪያ ምን ይጠቅማል? የበገናው መሠረት ድምፅ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ይሰሙታል፤ የሚጎድልባቸው እንዝራው ከጅማቱ ጋራ ሲነካካ የሚወጣው ንዝረትና የአባታችን ቃል ነው። በሐኪሙ ምክር በማስተካከያው ሰሌዳ ከ2,000 እስከ 4,000 ያለውን በመጠኑ ከፍ አደረግንላቸው። ይህ የጆሮ መርጃ መሣሪያን የሚተካ አይደለም፤ እሱንም ተራ ይዘናል። በናይሙ ግን ይህን ማድረግ ባልተቻለ ነበር።

ለሽማግሌው ወዳጃችን ምስጋናችንን አቅርበን ግዢውን ተውን፤ እሳቸውም አልተቀየሙም፥ እንዲያውም የሚሸጡትን ትተው መሣሪያቸውን አስቀርተዋል። ከተረፈን ገንዘብ ጥቂቱን ለተሻለ ድምፅ ማጉያ ሣጥን አዋልነው፤ የበገናን ዝቅተኛ ድምፅ ትንሽ ሣጥን ሊያወጣው አይችልም፥ ከስትሪመር ይልቅ በዚህ ላይ የወጣ ገንዘብ ወዲያው ይሰማል። የቀረው ቆርቆሮ ሆኖ በግንቦት ጣራው ላይ ተመታ።

እስካሁን 26 ካሴት ተገልብጧል፥ 13 ይቀራል። እናታችን ቁልፎቹን በጣታቸው እየቈጠሩ ራሳቸው ይከፍታሉ፤ የሚመርጡት 3ኛውን ነው። በእሱ ላይ አባታችን መደርደር ከመጀመራቸው በፊት ሁለት ጊዜ ይስላሉ፤ እናታችንም «ያን ጊዜ ጉንፋን ይዟቸው ነበር፤ ተልባ አፍልቼ ሰጥቻቸው አልጠጡም» ይላሉ።