የእነሱ ሰዓት ሲዞር የእኛ ምሳ ለምን ይታወካል?

ጂንካ ከምድር ወገብ ብዙም አትርቅም። የዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ሰዓታችንን ወዲያና ወዲህ የምናዞርበት ምክንያት የለንም። አብዛኞቹ አውሮፓውያን ግን በመጋቢት አንድ ሰዓት ወደፊት፣ በጥቅምት ደግሞ አንድ ሰዓት ወደኋላ ያዞራሉ።

እዚህ ደቡብ ኦሞ ውስጥ ከውጭ አጋሮች ጋር የምንሠራ ሰዎች ጣጣውን እናውቀዋለን። በርሊን በራሷ አቆጣጠር 11 ሰዓት ላይ የያዘችው ሳምንታዊ ስብሰባ በእነሱ በጋ ለእኛ 6 ሰዓት ላይ ይውላል። ጥቅምት ሲያልፍ 7 ሰዓት ይሆናል፤ ልክ በምሳ እረፍታችን። ልጇን ልታጠባ ወደ ቤት የምትሮጥ እናት እረፍቷን ታጣለች። ከሰዓት በኋላ ወደ ቱርሚ ወይም ኦሞራቴ የሚወጣው የመስክ ቡድንም ይዘገይና መንገድ ላይ ይመሽበታል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የጋራ ስብሰባ በአዲስ አበባ ሰዓት ይያዝ፤ በመጋቢትና በጥቅምት የሚሸጋሸጉት ሰዓቱን የለወጡት ይሁኑ። ወዳጆቼ፣ ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። የሥራ ባልደረባ የሌላውንም ቀን ያከብራል።